ልጆች ኦቲዝምን እንዲረዱ ለማገዝ

ኦቲዝም ከልጅነት ጀምሮ የሚታይ የአእምሮ እድገት ልዩነት እንጂ ተላላፊ በሽታ ወይም እርግማን አይደለም። ልጆች ይህን ከወላጆቻቸውና ከመምህራኖቻቸው ሊሰሙ ይገባል፤ ካልሆነ የሰፈር ወሬ ይቀድማል።

ማብራሪያው ከሚያውቁት ነገር ቢነሳ ይመረጣል። ለምሳሌ የትምህርት ቤት ደወል ለብዙ ተማሪዎች የዕረፍት ብሥራት ነው፤ ኦቲዝም ላለበት ልጅ ግን ሕመም የሚፈጥር ድምፅ ሊሆን ይችላል። ጆሮውን የሚይዘው ወይም እጆቹን የሚያወዛውዘው ራሱን ለማረጋጋት እንጂ ለመረበሽ አይደለም። ስሙ ሲጠራ ዞር ባይል እንደ ንቀት አይቆጠርበት።

አብሮት መጫወት የሚፈልግ ልጅ በአጭር ቃል ይጠይቀው፤ መልሱን በትዕግሥት ይጠብቅ፤ ሳያስፈቅድ አይንካው። በቃል የማይናገር ልጅ በሥዕል ወይም በምልክት ሊመልስ ይችላል። በልጃቸው እድገት ላይ ጥያቄ ያላቸው ወላጆች በአቅራቢያቸው የሚገኝ ጤና ጣቢያን ሳይዘገዩ ያማክሩ።