ጨጓራ ከተቀነሰ በኋላ፦ ማገገምና አዲሱ ኑሮ

ውፍረትን ለመቀነስ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ታካሚው ሆስፒታል የሚያድረውም አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ነው። ከዚያ በኋላ የሚከተለው የአመጋገብ ሥርዓት፣ የቫይታሚን ክኒንና የደም ምርመራ ግን ዕድሜ ልክ ይዘልቃል። የሕክምናው ውጤት በአመዛኙ የሚወሰነው በዚህ በሁለተኛው ምዕራፍ ስለሆነ፣ ሕክምናውን የሚያስብ ሰውም ሆነ ቤተሰቡ አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባው እሱን ነው።

ሕክምናው ራሱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። መሠረቱን የጣሉት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ሐኪም የነበሩት ኤድዋርድ ሜሰን ናቸው። በጨጓራ ቁስለት ምክንያት ከፊል ጨጓራቸው የወጣላቸው ሰዎች ክብደታቸው መልሶ እንደማይጨምር ማስተዋላቸው ለሐሳቡ መነሻ ሆነ።

ዛሬ በብዛት የሚሠሩት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። የመጀመሪያው ስሊቭ ይባላል። ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣና የቀረው ሙዝ የሚመስል ቀጭን ቱቦ ይሆናል። ሁለተኛው ጋስትሪክ ባይፓስ ነው። በጨጓራው አናት 30 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ተለይታ ትቀራለች፤ ትንሹ አንጀትም በቀጥታ ከእሷ ጋር ይቀጠላል። ምግብ ቀሪውን ጨጓራና የአንጀቱን መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል ማለት ነው። ሁለቱም በአብዛኛው የሚሠሩት ሆድ በሰፊው ሳይከፈት፣ በጥቂት ትንንሽ ቀዳዳዎች በሚገቡ መሣሪያዎችና ካሜራ ነው።

ክብደት የሚቀንሰው ሆድ ትንሽ ስለሚይዝ ብቻ አይደለም። ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለ ሆርሞን በብዛት የሚመረተው በጨጓራው የላይኛው ክፍል ነው፤ ስሊቭ ሲሠራ ያ ክፍል አብሮ ይወጣል። አንጀት የሚያመነጫቸው የጥጋብ ሆርሞኖች ደግሞ ይጨምራሉ። ብዙ ታካሚዎች በመጀመሪያዎቹ ወራት የረሃብ ስሜት የሚጠፋባቸው ለዚህ ነው።

ሕክምናው ለሁሉም አይሰጥም። ሁለት የሙያ ማኅበራት በ2022 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት መመሪያ መሠረት የሚመከረው የክብደትና የቁመት ምጣኔያቸው (ቢኤምአይ) 35 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰዎች ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 ለሆነ ሰው ይህ 95 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ምጣኔው 30 ከሆነ ጀምሮ ሊታይ ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ታካሚው ቀዶ ሕክምናው በተደረገለት ዕለት ከአልጋ ተነሥቶ ጥቂት እርምጃ እንዲራመድ ይደረጋል። ምክንያቱ የእግር ደም ሥር ውስጥ የሚረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሕይወት ሊያሳጣ ስለሚችል ነው። የደም መርጋት መከላከያ መርፌ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘውም ለዚሁ ነው። ቤት ከተገባ በኋላም በየቀኑ መራመድ የሕክምናው አካል ነው። አብዛኛው ሰው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ወደ ሥራ ይመለሳል፤ ከባድ ዕቃ ማንሳት ግን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያህል ይከለከላል።

ልምድ ባላቸው ማዕከላት የሞት አደጋው ዝቅተኛ ነው፤ ከሺህ ታካሚ አንድ ገደማ ይገመታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ሐኪሞች ከሁሉ በላይ የሚጠነቀቁት የተሰፋው ቦታ ተከፍቶ የጨጓራ ፈሳሽ ወደ ሆድ ዕቃ እንዳይፈስ ነው። ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት የሚፈጥን የልብ ምት፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ ትከሻ ላይ የሚሰማ ሕመምና የትንፋሽ ማጠር የዚህ ወይም የደም መርጋት ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። ከእነዚህ አንዱ ሲታይ ማስታገሻ ውጦ ሌሊቱን መጠበቅ አይገባም፤ ወዲያው ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለበት። በተለይ ከባይፓስ በኋላ፣ ገና ክብደት ሳይቀንስ፣ የደም ስኳር በቀናት ውስጥ ሊወርድ ይችላል። ቀድሞ የታዘዘለትን የኢንሱሊን መጠን እንደነበረው የቀጠለ ሰው ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድበት ስለሚችል መድኃኒቱ በሐኪም እንደገና መመጠን አለበት።

ከፈሳሽ ወደ ገበታ

ምግብ የሚጀመረው በደረጃ ነው። መጀመሪያ ውኃና የተጣራ መረቅ፣ ቀጥሎ ወተት፣ ቀጭን አጥሚትና የፕሮቲን መጠጥ፣ ከዚያ የተፈጨ ምግብ፣ በኋላም ለስላሳ ምግብ ይመጣል። ወደ ተለመደው ገበታ ለመመለስ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። ደረጃ መዝለል የተሰፋውን ቦታ ያስጨንቃል፤ ያስመልሳልም።

በመጀመሪያው ወር የአንድ ጊዜ ምግብ መጠን በቡና ሲኒ ሊለካ ይችላል። በሁለተኛው ወር ገደማ ገበታው ላይ የሚቀርበው አንድ የተቀቀለ እንቁላልና ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርጎ ሊሆን ይችላል፤ እሱንም ለመጨረስ ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ይወስዳል። ታካሚው ትንሽ ይቆርሳል፣ እስኪልም ያኝካል፣ ውጦ ማንኪያውን ያስቀምጣል፣ ጥቂት ይጠብቃል። አንዲት ጉርሻ ስትበዛ ደረት ላይ ጫና ይሰማል፤ ምራቅ ይሞላል፤ ከዚያ ያስመልሳል። ስለዚህ የጥጋብ ምልክት እንደተሰማ ማቆም የግድ ነው።

ውኃ ከምግብ ጋር አይጠጣም። ከተበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቆይቶ፣ በትንሽ በትንሹ እየተጎነጨ ይጠጣል። ሰውነት በቀን ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል ፈሳሽ ይፈልጋል፤ ይህ በቡና ሲኒ ሲለካ ሃያ ሲኒ ገደማ ነው። እንደ ድሮው አንድ ብርጭቆ ውኃ በአንድ ትንፋሽ መጠጣት ስለማይቻል ቀኑን ሙሉ ጠርሙስ ይዞ መዋል ይለመዳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ታካሚዎችን ወደ ሆስፒታል ከሚመልሱ ምክንያቶች አንዱ በቂ ውኃ ካለመጠጣት የሚመጣ የሰውነት ድርቀት ነው።

ከምግብ ዓይነት ቅድሚያ የሚሰጠው ፕሮቲን ነው፤ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ይመከራል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ብቻ ስላለው ግቡ ያለ ዕቅድ አይደረስም። በኢትዮጵያ ገበታ የመጀመሪያው ለውጥ የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። እንጀራ ትንሿን ጨጓራ አስቀድሞ ከሞላ ለሥጋው፣ ለዓሣው፣ ለአይቡ ወይም ለምስሩ ቦታ አይተርፍም። ስለዚህ መጀመሪያ ወጡ ይበላል፤ እንጀራው በመጨረሻ፣ በጥቂቱ ይቀጥላል። ፕሮቲን ሲያንስ ሰውነት ከስብ ጋር ጡንቻንም አብሮ ያቀልጣል።

ጣፋጭ ነገር፣ በተለይ ባይፓስ ለተሠራለት ሰው፣ ሌላ ችግር ያመጣል። ስኳር የበዛበት ምግብ በፍጥነት ወደ አንጀት ሲወርድ ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ላብ፣ የልብ መምታት፣ ማዞርና ተቅማጥ ያስከትላል። ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቆይቶ ደግሞ የደም ስኳር ወርዶ መንቀጥቀጥና ድካም ሊመጣ ይችላል። ለስላሳ መጠጥም ከስኳሩ ሌላ ጋዙ ትንሿን ጨጓራ ስለሚነፋ አይመከርም።

ጾም፣ ጉርሻና ዘመድ

ለኢትዮጵያውያን ታካሚዎች፣ በአገር ቤትም ሆነ በውጭ ለሚኖሩት፣ ከጾም ጋር የሚነሣው ጥያቄ ትልቅ ነው። ችግሩ ሁለት ነው። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ሲቀሩ ፕሮቲን ከምስር፣ ከሽሮ፣ ከክክና ከአኩሪ አተር ብቻ መገኘት አለበት፤ ትንሽ ለሚይዝ ጨጓራ ይህ ቀላል አይደለም። ከዚያም በላይ እስከ ከሰዓት በኋላ ሳይጠጡ መዋል ወይም በረመዳን ቀኑን ሙሉ ውኃ አለመቅመስ፣ በትንሽ በትንሹ እየተጎነጨ መዋል ላለበት ሰው ከባድ ነው። ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ሆነች እስልምና ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህን ፈቃድ መጠቀም፣ ከዚያ በኋላም ጉዳዩን ከሐኪምና ከንስሐ አባት ወይም ከሃይማኖት አዋቂ ጋር መክሮ መወሰን ተገቢ ነው።

ሌላው ፈተና ዘመድ ነው። በትንሹ የሚበላ እንግዳ አስተናጋጁን ያስከፋል፤ ፍቅር የሚገለጸው በጉርሻ ነው። በዚያ ላይ በፍጥነት የከሳ ሰው ባገኘው ሁሉ «ምን ነካህ? ታመህ ነው?» ይባላል። ለቅርብ ቤተሰብ አስቀድሞ ማስረዳት ይህን ጫና ያቀልላል። ቤተሰብም «ትንሽ ጨምር» ማለቱን ትቶ ትንሿን ሰሃን ማክበሩ ለታካሚው ትልቅ እርዳታ ነው።

ዕድሜ ልክ የማይቋረጠው

የሚበላው ሲቀንስ፣ በባይፓስ ደግሞ ምግብ የአንጀቱን መጀመሪያ ሲዘል፣ የቫይታሚንና የማዕድን እጥረት ይመጣል። ዋነኞቹ ብረት፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ቫይታሚን ዲ፣ ካልሲየምና ፎሌት ናቸው። የካልሲየም መጠን በቀን ከ1200 እስከ 1500 ሚሊ ግራም ይደርሳል፤ ከብረት ክኒን ጋር በአንድ ሰዓት አይወሰድም፤ ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ያስፈልጋል። ቡናና ሻይም የብረትን ወደ ደም መግባት ስለሚቀንሱ ክኒኑ ከቡና ሰዓት መራቅ አለበት።

እጥረቱ ወዲያው አይታይም። ጉበት ያከማቸው ቢ12 ለዓመታት ሊያቆይ ስለሚችል፣ ሰው «ደህና ነኝ» ብሎ ክኒኑን ይተዋል። በኋላ ደም ማነስ፣ የእግር መደንዘዝና የመርሳት ችግር ሲመጣ የነርቩ ጉዳት ላይመለስ ይችላል። በአንጻሩ የቢ1 እጥረት በሳምንታት ውስጥ ይደርሳል። ለቀናት ያለማቋረጥ የሚያስመልሰው ሰው እይታው ከተምታታ፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ ወይም ሐሳቡ ከተዛባ አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልገዋል።

የደም ምርመራ በመጀመሪያው ዓመት በየጥቂት ወሩ፣ ከዚያ በዓመት አንድ ጊዜ ይደረጋል። ወደ ሌላ አገር ሄዶ ቀዶ ሕክምናውን የሚያደርግ ሰው ምን ዓይነት ቀዶ ሕክምና እንደተሠራለት የሚገልጽ ሙሉ ሪፖርት ይዞ መመለስና በሚኖርበት ከተማ የሚከታተለው ሐኪም አስቀድሞ ማግኘት አለበት።

ከሦስተኛው ወር ገደማ ጀምሮ ፀጉር በብዛት መርገፉ ብዙዎችን ያስደነግጣል። ይህ በአብዛኛው በፍጥነት ከመክሳት የሚመጣ ሲሆን በቂ ፕሮቲንና ብረት ከተገኘ በወራት ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል። በፍጥነት መክሳት የሐሞት ጠጠርም ስለሚያመጣ ብዙ ሐኪሞች ለስድስት ወር ያህል መከላከያ መድኃኒት ያዛሉ። ስሊቭ ከተሠራላቸው መካከል ቃር የሚብስባቸው አሉ። ባይፓስ የተሠራለት ሰው ደግሞ እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ካሉ ማስታገሻዎችና ከሲጋራ መራቅ አለበት፤ አንጀቱ ከጨጓራ በተቀጠለበት ቦታ ቁስለት ያመጣሉ። ዓመታት ካለፉ በኋላም ድንገተኛ ከባድ የሆድ ቁርጠት ቢመጣ አንጀት በውስጥ ታንቆ ሊሆን ስለሚችል በቸልታ አይታለፍም።

ሴቶች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝናን እንዲያዘገዩ ይመከራሉ፤ በዚያ ጊዜ እናቲቱ እየከሳች ስለሆነ ፅንሱ የሚያስፈልገውን ላያገኝ ይችላል። ክብደት ሲቀንስ ለዓመታት ፅንስ አልያዝ ያላቸው ሴቶችም በድንገት ሊያረግዙ ይችላሉ። ከባይፓስ በኋላ የሚዋጥ የእርግዝና መከላከያ በደንብ ላይሠራ ስለሚችል ሌላ ዘዴ መምረጥ ይሻላል።

አእምሮ፣ ገላና ዓመታት

የተለወጠው ገላ አእምሮንም ይፈትናል። ጭንቀትንና ኀዘንን በምግብ ያስታግስ የነበረ ሰው ያ መንገድ ይዘጋበታል። አንዳንዱ በምትኩ ወደ መጠጥ ይሄዳል፤ በተለይ ከባይፓስ በኋላ አልኮል በፍጥነት ወደ ደም ስለሚገባ ቀድሞ ምንም ያላደረገው መጠን ያሰክረዋል። በብዙ ሰዎች ላይ የተደረገ የአሜሪካ ጥናት የአልኮል ችግር ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሁለተኛው ዓመት እንደሚጨምር አሳይቷል፤ ይህ ለጠላና ለጠጅም ይሠራል። ድባቴ ሊመጣም ይችላል፤ ስለዚህ የሥነ ልቦና ምክር እንደ ቫይታሚኑ ሁሉ የክትትሉ አካል ሊሆን ይገባል። የሆድ፣ የክንድና የጭን ቆዳ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ስፖርት ጡንቻን ይመልሳል እንጂ የተለጠጠውን ቆዳ አይሰበስብም። ቆዳውን በቀዶ ሕክምና ማስወገድ የሚታሰበው ክብደት ከረጋ በኋላ ነው።

ክብደት በብዛት የሚቀንሰው በመጀመሪያው ዓመት ተኩል ነው። ከዚያ በኋላ ጥቂት ኪሎ መመለሱ የተለመደ ነው፤ የታካሚው ስንፍና ተደርጎ መታየት የለበትም። ብዙ ከተመለሰ ግን ተደብቆ መቅረት ሳይሆን ወደ ሐኪም መመለስ ይሻላል፤ የአመጋገብ ክለሳ፣ መድኃኒት፣ አንዳንዴም ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊረዳ ይችላል።

የረጅም ጊዜ ውጤቱ ግን አበረታች ነው። በስዊድን በ1987 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረውና አራት ሺህ ያህል ሰዎችን የተከታተለው ጥናት፣ ባይፓስ የተሠራላቸው ከአሥር ዓመት በኋላም ከመነሻ ክብደታቸው 25 በመቶ ያህል ቀንሰው እንደቆዩ አሳይቷል። በ2020 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ውጤቱ ደግሞ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ካልተደረገላቸው በአማካይ ሦስት ዓመት ያህል የበለጠ እንደሚኖሩ ገልጿል። የስኳር በሽታ በብዙዎች ይረግባል፤ የደም ግፊት ይቀንሳል፤ በእንቅልፍ ላይ የሚደርስ የትንፋሽ መቋረጥ ይሻላል፤ የጉልበት ሕመም ይቀልላል።

ስለዚህ ሕክምናውን ያሰበ ሰው «ስንት ኪሎ እቀንሳለሁ?» ከማለቱ በፊት ሌላ ጥያቄ ይጠይቅ፤ ከአምስትና ከአሥር ዓመት በኋላ ደሜን ማን ይመረምራል? ቫይታሚኑን ከየት አገኛለሁ? ቤተሰቤስ ምን ያህል ያግዘኛል? ለእነዚህ መልስ ያገኘ ሰው ለቀዶ ሕክምናው ዝግጁ ነው፤ መልስ ያላገኘ ግን እስኪያገኝ ቢቆይ ይሻለዋል።