ቆሞ የሚያስከፍል ሞተር

ከዴንቨር ተነስቶ የኮሎራዶን ተራሮች እየሰነጠቀ ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው አይ-70 አውራ ጎዳና፣ አይዘንሃወር ዋሻ ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከደብረ ሲና ተነስቶ ጣርማበርን የወጣ ሾፌር እንዲህ ያለው ዳገት ሞተርን ምን እንደሚያደርገው አይነገረውም። ከ10 ቶን በላይ የሚመዝን የናፍጣ ሞተርሆም፣ ማለትም በመኪና ላይ የተሠራ ተጓዥ ቤት፣ አቀበቱን ሲያጋምስ የሙቀት መለኪያው ቀስ እያለ ይነሳል፤ ከመሐል ያልፋል፤ ወደ ቀዩ ይጠጋል። ባለቤቱ ዳር ይዞ ይቆማል። ቴርሞስታቱ ይሆን? የውኃ ፖምፓው? ወይስ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል? እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ ዋጋ አለው፤ የመጨረሻው ደግሞ የአንድ ዓመት የጉዞ በጀት ሊበላ ይችላል።

ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የሦስቱም አይደለም። በበርካታ የናፍጣ ሞተርሆሞች ሞተሩም ራዲያተሩም ያሉት ከኋላ ነው። ከሞተሩ ሆድ የሚወጣውን የዘይት ተን የሚያስተነፍስ አንድ ቱቦ አለ፤ አፉ የሚያበቃው ከቬንቲሌተሩ ፊት ከሆነ ጠብ የሚለውን ዘይት ቬንቲሌተሩ ከመንገድ አቧራ ጋር ለውሶ በራዲያተሩ ላይ ይለጥፈዋል። በመኪናው ኋላ ቆሞ የሚያይ ሰው ንጹሕ ራዲያተር ያያል፤ ቆሻሻው የተጋገረው በውስጥ፣ በቬንቲሌተሩ በኩል ነውና። መድኃኒቱ ቅባት የሚፈታ ሳሙና፣ ግፊቱ ያልበዛ ውኃና የግማሽ ቀን ትዕግሥት ነው። እንዳይደገም ደግሞ ቱቦውን ራዲያተሩን አልፎ ውጭ እንዲያፈስ ማርዘም ይበቃል። ለዚህ የሚያስፈልገው የጎማ ቱቦ ጥቂት ዶላር ነው።

የናፍጣ ሞተርሆም ሒሳብ ከዚህ ምሳሌ ይነበባል። ውዱን ክፍል የሚጠብቀው ርካሹ ክፍል ነው፤ ርካሹን ማን እንደሚከታተለው ግን አስቀድሞ የተወሰነ ነገር የለም። ባለቤቱ ራሱ ካልያዘው ባዶ ቦታ ሆኖ ይቀራል።

ለምን ባዶ እንደሚቀር ለመረዳት ተሽከርካሪው እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። ሞተሩን በአብዛኛው የሚያቀርበው በኢንዲያና፣ ኮለምበስ ከተማ ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለው ከሚንስ ነው። ካምቢዮው ኢንዲያናፖሊስ የሚገኘው የአሊሰን ነው። ሻንሲው ከደቡብ ካሮላይናዋ ጋፍኒ ከፍሬይትላይነር፣ ወይም ከሚሺጋኗ ሻርሎት ከስፓርታን ይመጣል። ቤቱን ከላይ የሚያቆመው ሌላ ኩባንያ ነው፤ ማቀዝቀዣውን፣ ጄኔሬተሩንና የአየር ማስተካከያውን የሚሠሩትም ሌሎች ናቸው። እያንዳንዱ አምራች ዋስትና የሚሰጠው ለራሱ ክፍል ነው። በክፍሎቹ መካከል ለሚፈጠረው ችግር፣ ማለትም ለዚያ ቱቦና ለዚያ ራዲያተር ዝምድና፣ ኃላፊው ማን እንደሆነ ግልጽ አይደለም።

ክፍተቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ይበልጥ ሰፋ። በአሜሪካ የመዝናኛ ተሽከርካሪ ኢንዱስትሪ ማኅበር ቁጥሮች መሠረት በ2006 ከፋብሪካ የወጡት ተሽከርካሪዎች 390,500 ነበሩ፤ በ2009 ወደ 165,700 ወረዱ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ሞናኮና ፍሊትውድ የተባሉት ታላላቅ አምራቾች ለኪሳራ ጥበቃ ፍርድ ቤት ቀረቡ። የንግድ ስሞቹ በኋላ ወደ ሌሎች ባለቤቶች ቢተላለፉም ቀድሞ የተሸጡት ተሽከርካሪዎች በተግባር ወላጅ አልባ ሆኑ። የኤሌክትሪክ መስመሩን ንድፍ የሚጠይቅ ሰው የሚጠይቀው አጣ።

ከዚያ ወዲህ ገበያው አንድ ጊዜ ፈንድቶ ተመልሶ ቀዝቅዟል። በወረርሽኙ ዘመን ሰው ከሆቴልና ከአውሮፕላን ሲሸሽ፣ በ2021 የወጡት ተሽከርካሪዎች 600,240 ደረሱ፤ በ2023 ወደ 313,174 ወረዱ። አብዛኞቹ በሌላ መኪና የሚጎተቱ ናቸው፤ የናፍጣ ሞተርሆም የገበያው ትንሹና ውዱ ክፍል ነው። በፈንጠዝያው ጊዜ የተገዙት አሁን በሁለተኛ እጅ እየተሸጡ ሲሆን ዋስትናቸው አልቆ የጥገናው ሸክም ገዢው ትከሻ ላይ እየወደቀ ነው።

ሸክሙ ከሌላ መኪና የሚለየው ወጪውን የሚያመጣው መንገድ ሳይሆን ጊዜ በመሆኑ ነው። የረጅም መንገድ የጭነት መኪና በዓመት ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል፤ ጎማው በመንገድ ያልቃል፣ ዘይቱ በሥራ ይቆሽሻል። ሞተርሆም ግን የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ቆሞ ያሳልፋል። ለምሳሌ ያህል አንድ ባለቤት ለመድን፣ ለማቆሚያ፣ ለዘይትና ለፊልትሮ፣ ለጎማ መተኪያ የሚያስቀምጠው በድምሩ በዓመት 8,000 ዶላር ነው እንበል። 16,000 ኪሎ ሜትር ከነዳ አንዱ ኪሎ ሜትር 50 ሳንቲም ያወጣበታል። 4,000 ብቻ ከነዳ 2 ዶላር። ባይነዳውም 8,000 ዶላሩ አይቀርም።

ጎማው ጥሩ ማሳያ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ፣ አዲስ መስሎ የቆመ ጎማ ከውስጥ ደርቆና ተሰነጣጥቆ ሊሆን ይችላል። የተመረተበት ጊዜ ጎኑ ላይ ባለው ኮድ መጨረሻ በአራት አሃዝ ተጽፏል፤ 2319 ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2019 23ኛው ሳምንት ላይ ተሠርቷል ማለት ነው። ልምድ ያላቸው ባለቤቶች ጥርሱን ሳይሆን ይህን ቁጥር አይተው በ7 ዓመት ገደማ ይቀይራሉ። የፊት ጎማ በፍጥነት ላይ ሲፈነዳ የሚጎዳው ጎማው ብቻ አይደለም፤ የመኪናውን አካል፣ የአየርና የኤሌክትሪክ መስመሮችን ይዞ ይሄዳል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል።

ናፍጣውም ቆሞ ይበላሻል። ጋኑ ግማሽ ሆኖ ክረምቱን ካሳለፈ በባዶው ቦታ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ውኃ ይቋጥራል። ውኃው ከናፍጣው በታች ይተኛል፤ ሁለቱ በሚገናኙበት ድንበር ላይ ረቂቅ ተሕዋስያን ይራባሉ። በጸደይ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ሞተሩ ጉልበት ሲያጣ ተጠያቂው ብዙ ጊዜ በዚህ ዝቃጭ የታፈነ ፊልትሮ ነው። መኪናውን ለረጅም ጊዜ ሲያቆሙ ጋኑን መሙላት፣ ውኃን ከናፍጣ የሚለየውን ማጣሪያ እያፈሰሱ ማየት፣ ተቀያሪ ፊልትሮና መፍቻውን ይዞ መጓዝ ከጎታች መኪና ክፍያ ያድናሉ። ጄኔሬተሩም ሥራ ይፈልጋል፤ አምራቹ ኦናን በየወሩ ቢያንስ ለሁለት ሰዓት፣ በግማሽ ጭነት እንዲሠራ ይመክራል። ያለ ጭነት አስነስቶ ማጥፋት ማሠራት አይባልም።

የርካሹና የውዱ ክፍል ዝምድና ከሁሉ ጎልቶ የታየው ግን ከ1998 እስከ 2002 በተሠሩት ባለ 5.9 ሊትር የከሚንስ አይኤስቢ ሞተሮች ላይ ነው። እነዚህ ሞተሮች ቪፒ44 የሚባል የቦሽ ናፍጣ ፖምፓ አላቸው። ፖምፓው የሚለሰልሰውም የሚቀዘቅዘውም በውስጡ በሚያልፈው ናፍጣ ነው፤ ናፍጣውን ከጋኑ ስቦ የሚገፋለት ደግሞ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ናት። ትንሿ ስትደክም መብራት አይበራም፣ ሞተሩም አይቆምም፤ ትልቁ ፖምፓ ራሱ እየሳበ፣ እየደረቀና እየጋለ ይቀጥላል። በመጨረሻ ሲሞት መተኪያው ከሺህ ዶላር በላይ ነው። ትንሿን ብቻ ቀድሞ መቀየር የዚያን ጥቂት ክፋይ ይጠይቅ ነበር። ይህን የተረዱ ባለቤቶች በመስመሩ ላይ የግፊት መለኪያ ገጠሙ። መለኪያው ምንም ነገር አይጠግንም፤ የሚሰጠው መረጃ ነው፤ ዋጋውን የሚመልሰው ግን በዚያ መረጃ ነው።

ብልሽት መፈለግም የኢኮኖሚ ውሳኔ ነው። ሁለት ነገሮች ይመዘናሉ፦ ምርመራው ምን ያህል ያስወጣል? ጥፋተኛው እሱ የመሆን ዕድሉስ ምን ያህል ነው? ሞተሩ አልነሳ ሲል ወዲያው ሞተሪኖ የሚገዛ ሰው ከውዱ ጀመረ። በ20 ዶላር የሚገዛ የቮልት መለኪያ ይዞ የሚጀምር ሰው መጀመሪያ ባትሪውን ያያል። ሙሉ የሆነና ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሹን አጥቷል። ከዚያ ቁልፉ ሲዞር በገመዶቹና ከሻንሲው ጋር በሚገናኙበት ብሎን ላይ ምን ያህል ቮልት እንደሚጠፋ ይለካል። ሞተርሆም የሞተርና የቤት ተብለው የተለዩ ሁለት የባትሪ ክፍሎች ስላሉት የዛገ ግንኙነት ብዙ ችግር ይፈጥራል። አንድ ብሎን ፈትቶ፣ በብረት ብሩሽ አጽድቶ ማሰር ከክፍያ ነጻ ነው።

ፍሬኑም እንደዚሁ ራሱን ይናገራል። ሞተሩ ተነስቶ የአየር ግፊቱ እስከ 120 ፒኤስአይ ገደማ ለመድረስ ከወትሮው በላይ ከዘገየ፣ ወይም መኪናው አድሮ ሲታይ የአየር ጋኑ ባዶ ከሆነ አየር የሚያፈስ ቦታ አለ። ቦታውን የሚያገኘው የሳሙና አረፋ ነው። ልዩነቱን የሚያውቅ ግን ጤነኛ በነበረበት ጊዜ ስንት ደቂቃ ይፈጅ እንደነበር የመዘገበ ሰው ነው።

ባለቤቱ በራሱ እጅ የማይፈታው ችግርም አለ። ከ2010 የልቀት ደንብ ወዲህ አብዛኞቹ የመንገድ ናፍጣ ሞተሮች ዴፍ የሚባለውን የዩሪያ ፈሳሽ ይጠቀማሉ። ፈሳሹ 32.5 በመቶ ዩሪያ፣ ቀሪው የተጣራ ውኃ ሲሆን ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ላይ ወደ በረዶነት ይለወጣል፤ በሙቀት ሲቀመጥ ደግሞ ይበላሻል። ለጭነት መኪና በቀናት ውስጥ የሚያልቅ ፈሳሽ ለሞተርሆም ወራት ይቀመጣል። ጥራቱን የሚለካው ሴንሰር ሲሳሳት ኮምፒውተሩ ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሊያደርሰው ይችላል፤ ሞተሩ ግን ጤነኛ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2025 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ባወጣው መመሪያ አምራቾች ሶፍትዌሩን አሻሽለው ለአሽከርካሪው ተጨማሪ ጊዜ እንዲሰጡ ጠይቋል። ትክክለኛ እርምጃ ነው። ንጹሕ አየርን መጠበቅ ቤተሰብን በሴንሰር ስሕተት ምክንያት መንገድ ዳር ማስቀረትን አይጠይቅም።

በአሜሪካ የጭነት መኪና የሚነዱ በርካታ ኢትዮጵያውያን ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የሚያስደንቃቸው ጥቂት ነው። ከሚንስን፣ የአየር ፍሬንን፣ ዴፍን በየቀኑ ያገኟቸዋል፤ ከመነሳታቸው በፊት መኪናውን መፈተሽም ሕግ የጣለባቸው ግዴታ ነው። ለግል ጉዞ የሚነዳ የሞተርሆም ባለቤት ተመሳሳይ ክብደትና ተመሳሳይ ፍሬን ይዞ በዚያው ጎዳና ቢሄድም የፌዴራል ሕጉ ይህን ፍተሻ አይጠይቀውም። ሕጉ የተወውን ክፍተት ዕውቀት ይሞላው ዘንድ ፍሬይትላይነር ጋፍኒ ላይ ለባለቤቶች የሁለት ቀን ሥልጠና ይሰጣል። የሁለት ቀን ትምህርት ከአንድ የተሳሳተ ጥገና ይረክሳል።

ዕውቀቱ ዋጋውን የሚመልሰው በጉዞ ላይ ብቻ አይደለም። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመውና በ2001 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች ዋነኛው በሆነው ጽሑፍ፣ ሻጭ የመኪናውን ገመና ሲያውቅ ገዢ ካላወቀ፣ ገዢው ሁሉንም እንደ ብልሹ ቆጥሮ ዋጋ እንደሚሰብር አሳይቷል። በዚህ ገበያ ጥሩውን መኪና የያዘ ሰው ይጎዳል። ጉዳቱን የሚቀንስለት ሊመሰከር የሚችል ማስረጃ ነው፤ ቀን ያለበት የዘይት ለውጥ ደረሰኝ፣ በላቦራቶሪ የተመረመረ የዘይት ናሙና ውጤት፣ የጎማዎቹ ኮድና የተገጠሙበት ጊዜ።

በብዙዎቹ ሞተርሆሞች የሞተሩ ክዳን ያለው በመኝታ ክፍሉ፣ ከአልጋው ሥር ነው። ነገሩን የሚያውቅ ገዢ ስለ ወጥ ቤቱ ጣውላና ስለ ቴሌቪዥኑ ስፋት ሲነገረው ያዳምጥና አልጋውን እንዲያነሱለት ይጠይቃል። የእጅ ባትሪ አብርቶ ይንበረከካል፤ ቬንቲሌተሩንም አሳልፎ የራዲያተሩን የውስጥ ፊት ያያል። የዋጋ ድርድሩ የሚጀምረው እዚያ ነው።