ምጣዱ ስንት ይበላል?

ወላይታ ሶዶ በአገሪቱ የኤሌክትሪክ መረብ ውስጥ ትልቅ መገናኛ ናት። የጊቤ 3 ኃይል በ400 ኪሎቮልት መስመር ሶዶ ወዳለው ጣቢያ ይገባል። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ኬንያ፣ ሱስዋ የሚደርሰው የ500 ኪሎቮልት መስመርም የሚነሳው ከዚሁ ነው። መስመሩ እስከ 2,000 ሜጋዋት የመሸከም አቅም አለው፤ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮም የኢትዮጵያ ኃይል በዚህ በኩል ለኬንያ ይሸጣል።

ኃይሉን የምትገዛው ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ደንብ ፍሪጅና አየር ማቀዝቀዣን የመሰሉ ዕቃዎች የኃይል አጠቃቀማቸውን በኮከብ የሚያሳይ ምልክት ተለጥፎባቸው እንዲሸጡ ታስገድዳለች። ናይሮቢ ላይ ፍሪጅ የሚገዛ ሰው ኮከብ ቆጥሮ ማወዳደር ይችላል። ሶዶ ላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚገዛ ሰው ዋጋ ይጠይቃል፣ ሸክላው እንዳልተሰነጠቀ መታ መታ አድርጎ በድምፁ ይለያል፣ የቆርቆሮውን ውፍረት ያያል፤ ስንት እንደሚበላ የሚነግረው ጽሑፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያገኝም።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኃይል ቁጠባን ሥራ በሕግ አስቀምጦታል፤ ደንብ ቁጥር 447/2011 ተከትሎታል። ኃላፊነቱ ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሊያሟላው የሚገባውን ዝቅተኛ ደረጃና የሚለጠፍበትን ምልክት የማዘጋጀቱ ሥራም ከተጀመረ ቆይቷል። የጎደለው ገዢው ዘንድ መድረሱ ነው።

ምጣድ ከሁሉም ይቅደም የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዱን ምጣድ ገልብጦ ላየው ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ከሸክላው ጀርባ ክብ ክብ ቦይ ተፍቆ ሬዚስታንሱ ይተኛበታል፣ በላዩ ጀሶ ይለሰናል፣ ከዚያ የቆርቆሮው እቃ ውስጥ ይገባል። ከጀሶው በታች ሙቀት የሚያግድ ነገር ካልተደረገበት ሸክላውን ማጋል የነበረበት ሙቀት በሆዱና በጎኑ ይወጣል። ስትጋግር እግሯ ሥር ወበቅ የሚሰማት እናት ያንን ሙቀት ከፍላበታለች።

ሒሳቡም ቀላል ነው። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ ሳያቋርጥ ሁለት ሰዓት ከሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በሳምንት ሁለቴ የሚጋገርበት ቤት በወር 56 ይደርሳል። ዝቅተኛ ዋጋ የሚከፈልበት የመጀመሪያው የታሪፍ እርከን የሚያበቃው 50 ላይ ስለሆነ፣ አምፖልም ቴሌቪዥንም ሳይበራ ምጣዱ ብቻውን ያልፈዋል። ባለ 60 ዋቱን የድሮ አምፖል በ9 ዋት ኤልኢዲ የለወጠ ሰው፣ በቀን አምስት ሰዓት ቢያበራ፣ በወር የሚያተርፈው ከ8 ኪሎዋት ሰዓት አይበልጥም። አምፖሉ ይለወጥ፤ ትልቁ ወጪ ግን ጓዳ ነው ያለው። ታሪፉ ደግሞ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ነው።

«የማይመጣ መብራት ምኑ ይቆጠባል?» የሚል ሰው ሶዶም አረካም ቦዲቲም አይጠፋም። ቅሬታው እውነት አለው። ነገር ግን ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ሰዓት፣ በተለይ በበዓል ዋዜማ፣ ምጣዱን ሲሰካ ትራንስፎርመሩ የሚጨነቀው በዚሁ ጭነት ነው። የምጣዱ ብክነት ሲቀንስ ጎረቤትም ይጠቀማል።

መንግሥት ምን እንደምንገዛ ሊወስንልን ነው ብሎ የሚሰጋም አለ። ስጋቱ በከንቱ አይደለም፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለከል ምርጫው በአንድ ጊዜ ጠቧል። ምልክት መለጠፍ ግን ሌላ ነው። የሚፈጀውን የማያውቅ ገዢ የሚመርጠው በዋጋና በመልክ ብቻ ነው። ርካሹን ምጣድ መግዛት መብቱ ነው፤ በወር ምን እንደሚያስከፍለው አውቆ መግዛትም መብቱ ነው።

ዝቅተኛው ደረጃ ግን በጥንቃቄ መተግበር አለበት። ምጣድ የሚሠራው በትልቅ ፋብሪካ ብቻ አይደለም፤ ተደራጅተው በትንሽ ሼድ ቆርቆሮ የሚቆርጡና የሚበይዱ ወጣቶችም ይሠሩታል። ሙቀት መከላከያው በተመጣጣኝ ዋጋ ሳይቀርብላቸውና ምጣዳቸው የሚፈተሽበት ቦታ በቅርብ ሳይኖር ቅጣት ቢቀድም፣ ሥራቸው ይዘጋል፣ ምጣድም ይወደዳል። ሶዶ፣ ዩኒቨርሲቲም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫም ያለባት ከተማ ናትና እንዲህ ያለ መፈተሻ ቢከፈትባት ተገቢ ነው።

ያገለገለ ፍሪጅም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጋና ከውጭ የሚገባ ያገለገለ ፍሪጅን ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከለከለችው ኃይል ስለሚያባክን ነው። ከአውሮፓ የመጣ ፍሪጅ ላይ የተለጠፈው ፊደል ብቻውን አያስተማምንም፤ ደረጃው በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. እንደ አዲስ ስለተሠራ የድሮው «ኤ ፕላስ» ከዛሬው ፊደል ጋር አይወዳደርም። መታየት ያለበት በዓመት የሚፈጀው የኪሎዋት ሰዓት ቁጥር ነው፤ 300 ከሆነ በወር 25 ማለት ነው።

ምልክቱ ገበያ እስኪገባ ድረስ ምጣድ የምትገዙ ሁሉ ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ስንት ዋት ነው? ከሥሩ ሙቀት መከላከያ ተደርጎበታል? መልስ ከሌለው ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።