የሕይወት ታሪክ መጣጥፍ ግምገማ

የሕይወት ታሪክ መጣጥፍ ግምገማ በበጎ ፈቃደኞች በሚዘጋጅ መዝገበ ዕውቀት ውስጥ ስለ አንድ ሰው የተጻፈን መጣጥፍ ሌላ አዘጋጅ አንብቦ፣ ከምንጮቹ ጋር አመሳክሮ፣ ጉድለቱን ለጸሐፊው የሚያሳውቅበት ሥራ ነው። ገምጋሚው የታሪክ ምሁር መሆን አይጠበቅበትም። ዋናው ሥራው በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ «ይህ ከምን ታወቀ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

አመጣጥ

ከውክፔዲያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው ኑፔዲያ ሰባት ደረጃ ያለው የምሁራን ግምገማ ነበረው። አንድ መጣጥፍ ሁሉንም ደረጃ ሳያልፍ ስለማይወጣ፣ ኑፔዲያ እ.ኤ.አ. በ2003 እስኪዘጋ ድረስ ተጠናቀው የወጡት ከ30 ያነሱ ነበሩ። ጥር 7 ቀን 1993 ዓ.ም. የተጀመረው ውክፔዲያ ቅደም ተከተሉን ገለበጠው፤ መጣጥፉ መጀመሪያ ይወጣል፣ ግምገማና እርማት በኋላ ይከተላሉ።

ይህ አሠራር አደጋም አለው። በ1997 ዓ.ም. በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ስለ አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ጆን ሲገንታለር በተጻፈ መጣጥፍ ላይ፣ ሰውየው በፕሬዝዳንት ጆን ኬኔዲ ግድያ ተጠርጥሮ እንደነበረ የሚገልጽ ሐሰት ገባ። ማንም ሳያርመው አራት ወር ያህል ቆየ። ከዚያ በኋላ በሕይወት ስላሉ ሰዎች የሚጻፉ መጣጥፎች ጥብቅ ደንብ ወጣላቸው፤ ምንጭ የሌለው ክስ ወይም ነቀፌታ ውይይት ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ይወጣል።

መመዘኛዎች

በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ «ጥሩ መጣጥፍ» ለመባል ስድስት መመዘኛዎች አሉ፦

1. አጻጻፉ ግልጽ መሆኑ፤
2. ይዘቱ በታመኑ ምንጮች መረጋገጡ፤
3. ዋና ዋናዎቹን ነገሮች መሸፈኑ፤
4. ገለልተኛ መሆኑ፤
5. በአዘጋጆች ጠብ በየቀኑ የማይለዋወጥ መሆኑ፤
6. በተቻለ መጠን ፈቃድ ያላቸው ሥዕሎች መያዙ።

ለሕይወት ታሪክ ከሁሉ የሚከብደው ሁለተኛው ነው። በተለይ ስለ አቅኚዎችና ስለ ሰፋሪዎች የሚጻፈው ከአፈ ታሪክ ጋር ይቀላቀላል።

አሜሪካዊው ዳንኤል ቡን ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። ቡን እ.ኤ.አ. በ1734 በፔንስልቬኒያ ተወልዶ፣ በ1775 ወደ ኬንታኪ የሚያስገባውን መንገድ ያስጠረገ ሰፋሪ ነበር። የልደት ቀኑ በአንዳንድ ምንጮች ጥቅምት (ኦክቶበር) 22፣ በሌሎች ኅዳር (ኖቬምበር) 2 ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች እ.ኤ.አ. በ1752 የዘመን አቆጣጠራቸውን ስለለወጡ ቀኑ በአሮጌውና በአዲሱ ይለያያል። ጆን ፊልሰን እ.ኤ.አ. በ1784 ያሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ቡን ራሱ እንደሚተርክ ሆኖ ቢቀርብም፣ ቃሉ በአብዛኛው የፊልሰን ነው። ስለዚህ ገምጋሚው ከዚያ የተወሰደ ጥቅስ «ቡን እንዲህ አለ» ተብሎ ሲቀርብ ያስቆመዋል።

ጆን ሮቢንሰን

ለኢትዮጵያ አንባቢ የሚቀርበው ምሳሌ ኑሮውን በአዲስ አበባ ያደረገው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ነው። ሮቢንሰን በ1927 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በጣልያን ወረራ ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል መራ፣ በ1928 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እንደገና መጥቶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠለጠነ። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ምክንያት አረፈ።

ስለ እሱ የተጻፈን መጣጥፍ የሚገመግም ሰው ቢያንስ ሁለት ነገሮችን ማየት አለበት።

የመጀመሪያው የሰዎች መምታታት ነው። ከ1923ቱ የንግሥ በዓል ጥቂት ቀደም ብሎ የንጉሡን አውሮፕላን የሰበረው ሮቢንሰን ሳይሆን በትሪኒዳድ የተወለደው ኹበርት ጁሊያን ነው። ሁለቱም ጥቁር አብራሪዎች ስለነበሩና ሁለቱም ከአሜሪካ ስለመጡ የአንዱ ታሪክ በሌላው ስም ሊጻፍ ይችላል።

ሁለተኛው «መሥራች» የሚለው ቃል ነው። በአንዳንድ ጽሑፎች ሮቢንሰን የኢትዮጵያ አየር መንገድ መሥራች ይባላል። አየር መንገዱ ግን ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የተቋቋመው መንግሥት ቲ.ደብልዩ.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ባደረገው ስምምነት ነው፤ የመጀመሪያ በረራውንም መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ አደረገ። ገምጋሚው ቃሉን ዝም ብሎ አይሰርዝም። ሮቢንሰን በምን ሥራ እንደተሳተፈ በምንጭ እንዲገለጽ ይጠይቃል። ለባለታሪኩ ያልሠራውን መስጠት በእርግጥ የሠራውንም ያጠራጥራል።

የዘመን አቆጣጠር

በአማርኛ መጣጥፎች ተደጋግሞ የሚገኘው ስሕተት የዓመት ልወጣ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ አካባቢ ባለው ጊዜ ልዩነቱ 7 ዓመት ሲሆን ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ በአንኮበር የተወለዱት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1932 ስለሆነ በኢትዮጵያ 1925 ዓ.ም. ይሆናል፤ 8 የቀነሰ ጸሐፊ ግን 1924 ይላል። ምንጩ ወሩን ሳይጠቅስ ዓመቱን ብቻ ከሰጠ፣ ሁለቱንም ዓመታት ማስቀመጥ ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ እንዳለ መተው ይሻላል።

የቦታ ስሞች፦ ቂርቆስና ካዛንቺስ

የቦታ ስምም የራሱ ዘመን አለው። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣልያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው የጣልያን ድርጅት ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ስለዚህ «በ1915 ዓ.ም. በካዛንቺስ ተወለደ» የሚል ዓረፍተ ነገር ገምጋሚውን ሊያነቃው ይገባል። ቦታው ያው ሊሆን ይችላል፣ ስሙ ግን ገና አልነበረም። እንደዚሁም ቂርቆስ ከቤተ ክርስቲያኑ የመጣ ነባር የሰፈር ስም ሲሆን፣ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ግን በ1990ዎቹ አጋማሽ የመጣ የአስተዳደር አወቃቀር ነው። በ1940ዎቹ የተወለደን ሰው «በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ተወለደ» ከማለት «ዛሬ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ በሚባለው» ማለት ትክክል ነው።

በቦታው ተገኝቶ ማየት አንዳንድ ጊዜ ይረዳል። አፈወርቅ ተክሌ በአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን የመስታወት ሥዕል እዚያው ካዛንቺስ አጠገብ ይገኛል፤ አንድ መጣጥፍ በሌላ ሕንፃ አለ ካለ ስሕተቱ በቀላሉ ይታወቃል። የመኖሪያ ቤት ግን እንደዚህ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙዎቹ የካዛንቺስ ነባር ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ አካባቢ ተዛውረዋል። «የኖረበት ቤት እስከ ዛሬ አለ» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች እንደገና መታየት አለባቸው። ቀን የተጻፈበት ፎቶግራፍና የታተመ ጽሑፍ ከበፊቱ ይልቅ ያስፈልጋሉ፤ የሰፈሩን ሰዎች ታሪክ «እዚህ ቤት ነበር» ብሎ በጣት የሚያሳይ ጎረቤት አሁን በቦታው የለምና።

የቃል ምስክርነት

የብዙ ኢትዮጵያውያን ታሪክ በቃል እንጂ በጽሑፍ አልተያዘም። የመዝገበ ዕውቀቱ ደንብ ደግሞ ያልታተመ ምርምርን አይቀበልም። ገምጋሚው «አያቴ ነገሩኝ» የሚለውን ሐሰት ነው አይልም፤ ሌላ አንባቢ ሊያረጋግጠው ስለማይችል ነው የማይቀበለው። ለጸሐፊው የሚጠቅመው ምክር ታሪኩን በጋዜጣ፣ በመታሰቢያ መጽሔት፣ በወመዘክር ወይም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እንዲፈልግ መጠቆም ነው።

አስተያየት አሰጣጥ

አስተያየቱ በመጣጥፉ የውይይት ገጽ ላይ ይጻፋል። «ደካማ ነው» የሚል ቃል ጸሐፊውን ያስቀይማል እንጂ ምን እንደሚያርም አይነግረውም። የሚረዳው «በሦስተኛው አንቀጽ የተጠቀሰው ዓመት ከምንጩ ጋር አይስማማም፤ እባክዎ ወሩን ይመልከቱልኝ» ዓይነት ነው። ግልጽ የፊደል ግድፈትን ገምጋሚው ራሱ ማረም ይችላል፤ ትርጉም የሚለውጥ ነገር ግን ለጸሐፊው ይቀርባል። ግምገማው ካለቀ በኋላም መጣጥፉን ማንም ሊለውጠው ስለሚችል፣ የተገመገመው የትኛው ቅጂ እንደሆነ ከነቀኑ መመዝገብ አለበት።