በኪሎ የማይሸጠው ፍራሽ

የስፖንጅ ፍራሽ ዕድሜ የሚወሰነው በእፍግታው ነው። እፍግታ፣ ነጋዴው «ዴንሲቲ» የሚለው፣ አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ የሚመዝነው ኪሎ ነው። ፍራሽ ግን የሚሸጠው በሴንቲ ሜትር ነው፤ «ሜትር ከሃያ፣ ውፍረቱ ሃያ» ይባላል፣ ገዢው በመዳፉ ተጭኖ ከጠነከረለት ይከፍላል። ጥንካሬ በቅመማ ስለሚመጣ ቀላሉም ስፖንጅ አዲስ ሳለ ደንዳና ሊሆን ይችላል። «ኦርቶፔዲክ» የሚለው ጽሑፍም የሚናገረው ስለ ጥንካሬው እንጂ ስለ እፍግታው አይደለም።

ስፖንጅ የሚሠራው ፖሊዮልና ቲዲአይ ከተባሉ ፈሳሾች ነው። ውሃ ሲገባባቸው ከቲዲአይ ጋር ተዋህዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ ድብልቁም እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ውሃው በበዛ ቁጥር ጋዙ ይበዛል፣ ስፖንጁም ይቀላል። ሁለቱም ፈሳሾች በውጭ ምንዛሪ ተገዝተው የሚገቡ ናቸው። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዋጋቸው በብር ሲሰላ ከፍ ብሏል። ዋጋ ሳይሰቅል ወጪ መቀነስ ለሚፈልግ ትልቅ ፋብሪካ ቅርቡ መንገድ እፍግታውን ማውረድ ነው፤ ጨርቁ ተሰፍቶ ስለሚዘጋ የሚያይ የለም። 190 በ120 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፍራሽ እፍግታው 18 ከሆነ 8 ኪሎ ያህል፣ 28 ከሆነ 13 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ለዓይን ግን አንድ ናቸው።

የድሮው የጥጥ ፍራሽ ይህ ችግር አልነበረበትም። ጥጡ በኪሎ ይገዛል፣ ሲጓጎል ፍራሽ አዳሽ ቀዶ ያፍታታዋል፤ ውስጡ ያለው ነገር ለባለቤቱ ምስጢር አልነበረም።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በማኦ ኮሞ ልዩ ወረዳ፣ በቶንጎ፣ በእፍግታው ችግር ላይ መንገዱ ይጨመራል። አዲስ አበባ ከክልሉ ዋና ከተማ ከአሶሳ እንኳ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ስፖንጅ አብዛኛው አየር ስለሆነ አይሱዙው ክብደት ሳይሞላው ቦታው ያልቃል። ስለዚህ የ8 ኪሎውና የ13 ኪሎው ፍራሽ የሚይዙት ቦታ፣ የሚጠይቁትም የጭነት ዋጋ እኩል ነው። ይህ ሲታሰብ ለሩቅ ከተማ የሚያዋጣው ከባዱ ነው፤ ቀላሉ ቶሎ ሲሰረጉድ የጭነት ዋጋው እንደገና ይከፈላል። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ካፒታሉ ትንሽ የሆነ ቸርቻሪ በያዘው ብር ብዙ ፍሬ የሚያስገኝለትን ይጭናል፣ ገዢውም የሚጠይቀው ውፍረቱን ብቻ ነው። ቦታ ለመቆጠብ ተጨምቆና ተጠቅልሎ የሚላከው ደግሞ ብዙ ከቆየ ወደ ቀድሞ ቁመቱ ላይመለስ ይችላል፤ ይበልጥ የሚጎዳውም ቀላሉ ስፖንጅ ነው።

ክረምት በሚረዝምበት በዚህ አካባቢ መሬት ላይ የተነጠፈ ስፖንጅ ከሥሩ ይረጥባል። የቆላ ቀርከሃ አልጋ፣ ወይም በሱዳን በኩል አንገረብ የሚባለው በገመድ የተጠለፈ አልጋ፣ ከታች አየር ያስገባል። የቀርከሃው ርብራብ ከተራራቀ ግን ስፖንጁ በክፍተቱ ይሰምጣል።

የፍራሽን እፍግታ ለማወቅ የእህል ሚዛን ይበቃል። ፍራሹ ይመዘናል፣ ለጨርቁ ግምት ይቀነሳል፣ ቀሪው ኪሎ ለይዘቱ ይካፈላል፤ የ190 በ120 በ20 ይዘት 0.456 ሜትር ኩብ ነው። ሚዛኑን የሚያታልሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ለክብደት የሚጨመር የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው፤ ኪሎ ይጨምራል፣ ዕድሜ ግን አይጨምርም። ሌላው ቁርጥራጭ ስፖንጅ ተፈጭቶ በማጣበቂያ የተጨመቀው ነው፤ ጎኑ ሲገለጥ ዥንጉርጉር ቀለሙ ያጋልጠዋል።