በመርሐ ግብሩ መስመሮች መካከል፦ የድርጅት የቡድን ጉዞንና ጉባኤን በአዲስ አበባ ስለ ማቀድ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው መድረክ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ)



ስለ ጉባኤ ዝግጅት ሲነሣ ተማሪዎቼ ዘወትር የሚጠይቁኝ ስለ አዳራሽ ነው። ስንት ወንበር ይይዛል? የድምፅ ማጉያው ይሠራል? ባነሩ የት ይሰቀላል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ነገር ግን ከሃያ ዓመት በላይ በማስተማርና በማማከር ባሳለፍሁት ጊዜ፣ አዳራሽ ውስጥ ሲበላሽ ያየሁት ጉባኤ ጥቂት ነው። የሚበላሸው በአውሮፕላን ማረፊያውና በሆቴሉ መካከል፣ በምሳውና በከሰዓቱ ስብሰባ መካከል፣ በሆቴሉ በርና በአውቶቡሱ ደረጃ መካከል ነው። በመርሐ ግብሩ ወረቀት ላይ አንዱ መስመር አልቆ ሌላው እስኪጀምር ያለውን ክፍተት ማንም አያቅደውም። የዛሬው ንግግሬ ስለዚያ ክፍተት ነው።

በራሴ ጥፋት ልጀምር። ከዓመታት በፊት አንድ ድርጅት ከሦስት አገሮች የመጡ 42 የሥራ አጋሮቹን ለሦስት ቀን አዲስ አበባ ሲጋብዝ መርሐ ግብሩን ያወጣሁት እኔ ነበርሁ። አብዛኞቹ እንግዶች ከባሕር ዳርቻ ከተሞች የሚመጡ ነበሩ፤ የሚገቡትም ሌሊት ነው። የመጀመሪያዋ ቀን ጠዋት ስብሰባ ስላልነበረባት «ባዶ ከምትሆን» ብዬ የእንጦጦ ጉብኝት አስገባሁባት። ወረቀቱ ላይ ስታዩት የሚያምር ነበር፦ ቁርስ፣ እንጦጦ ማርያም፣ የዳግማዊ ምኒልክ አሮጌ ቤተ መንግሥት፣ ከተማውን ከላይ ማየት፣ ምሳ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እኛ እዚህ የኖርን ሰዎች ይህን ቁጥር ለጂኦግራፊ ፈተና ካልሆነ አናስታውሰውም። ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ለሚደርስ ሰው ግን ቁጥሩ ራስ ምታት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የእንቅልፍ እጦትና ማቅለሽለሽ ሊሆን ይችላል። ከእንግዶቹ መካከል ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ አንድ ሰው ነበሩ። ከአውቶቡሱ ወርደን ዳገቱን እንደ ጀመርን ደረታቸውን ይዘው ተቀመጡ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። ሮጬ ወደ መኪና ማቆሚያው ብመለስ አውቶቡሱ የለም።

ሾፌሩ የት ሄደ? ቁርስ ሊበላ ወደ ታች ወርዶ ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ ከቦሌ እንግዳ ሲያመላልስ ያደረ ሰው ነው። ለ42 እንግዶች ቁርስ ሳዝዝ አርባ ሦስተኛው ሰው ትዝ አላለኝም። እንግዳውን ወደ ሆስፒታል ያደረሰልን በአጋጣሚ ያገኘነው የሌላ ጎብኚ መኪና ነው። ቀድሞም የልብ ሕመም እንደ ነበረባቸው ያወቅሁት ሐኪሙ ሲጠይቃቸው ነው፤ እኔ በቅጼ ላይ የጠየቅኋቸው የካናቴራ ቁጥራቸውን ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፉ። መርሐ ግብሬ ግን ሰው ሊገድል ተቃርቦ ነበር፤ ይህን በለሰለሰ ቃል መናገር አልፈልግም።

ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያውን ቀን የማቅደው ለሰውነት ነው። ከፍታውን ለለመደው ሰው ስንፍና ይመስለዋል። የሌሊት በራሪ እስከ እኩለ ቀን ይተኛ፤ ብዙ ውኃ ይጠጣ፤ በመጀመሪያው ምሽት መጠጥ አይብዛበት፤ ጉብኝቱም ሜዳ ላይ ይሁን። ድንቅነሽ ያለችበት ብሔራዊ ሙዚየም ወይም አፍሪካ አዳራሽ ይበቃል። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውና ከሁለት ዓመት በኋላ የአፍሪካ መሪዎች የአንድነት ድርጅቱን የመሠረቱበት ያ አዳራሽ፣ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ይዞ ለሥራ ሰዎች ከማንኛውም የከተማ ዙረት የበለጠ የሚነግራቸው አለ። እንጦጦ ለሦስተኛው ቀን ይቆይ። ምኒልክና ጣይቱ ራሳቸው ብርዱን ትተው ወደ ፍል ውኃ መውረዳቸውን አንርሳ።

ሁለተኛው ክፍተት በሁለት ሰዓት አቆጣጠር መካከል ያለው ነው። ስድስት ሰዓት መደመርና መቀነስ ቀላል ይመስላል። አስቸጋሪው ሌሊቱ ነው። የአውሮፕላን ትኬት «ረቡዕ 1:00» ሲል በእኛ አነጋገር ገና ማክሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት ነው፤ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነውና። እንግዳው የሚገባው ማክሰኞ ሌሊት ሆኖ ሳለ ወረቀቱ ላይ «ረቡዕ ሌሊት 7 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈለት ሾፌር አንድ ሌሊት ዘግይቶ ቦሌ ይቆማል። ጥፋቱ የሾፌሩ አይደለም፤ የጸሐፊው ነው። መፍትሔው ከቋንቋችን ውስጥ አለ፦ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ። ለእንግዳው የሚሰጠው ወረቀት በእሱ አቆጣጠር፣ ለሾፌሩና ለወጥ ቤቱ የሚሰጠው በእኛ አቆጣጠር ይሁን፤ ሁለቱንም የሚያመሳክር አንድ ሰው በስም ይመደብ። ከኬንያና ከታንዛኒያ ለሚመጡ እንግዶች ነገሩን ማስረዳት ቀላል መሆኑን ልጨምር፤ በስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጠረው እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ነው።

ስለ ሳምንት ምርጫ በአጭሩ ልለፍ፤ አብዛኛውን ታውቁታላችሁ። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በየካቲት ሲሰበሰቡ ክፍል አይገኝም፣ መንገድ ይዘጋል። መስከረም 16 የደመራ ዕለት መስቀል አደባባይን አቋርጣለሁ ብላችሁ አታቅዱ። ጥምቀትም እንዲሁ ነው፤ እንግዳው በዓሉን እንዲያይ ከፈለጋችሁ ግን ስብሰባውን ሰርዙና በዓሉን ራሱን መርሐ ግብር አድርጉት። የራሳችን መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ስብሰባቸውን ሰኔ ላይ ይቆልሉታል፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራልና ገንዘቡ «እንዳይመለስ» ነው። በሰኔ ዝናብ ወደ ቢሾፍቱ የተጓዘ ሁሉ ስለ ምን እንደምናገር ያውቃል።

አሁን ወደ ማዕዱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ጥቂት እቆያለሁ። የውጭ እንግዳ የሚያስተናግድ ኮሚቴ በአብዛኛው የሚጨነቀው ስለ እንግዳው ምላስ ነው፤ በርበሬው ይከብደው ይሆን እያለ። በዚህ መካከል ጋባዦቹን ይረሳል። ከበዓለ ሃምሳ በስተቀር ረቡዕና ዓርብ ዓመቱን ሙሉ ጾም ነው፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ዓርብ ምሽት የክብር እራት ተብሎ ክትፎና ጥብስ ሲደረደር፣ ከተጋባዦቹ የአገር ልጆች እኩሌታው ሰላጣ ይዘው ጥግ ይቆማሉ። እንግዳው ደግሞ ጋባዡ ለምን እንደማይበላ ግራ ይገባዋል። የእርዱ ጉዳይ ከዚህ ይረቅቃል። በአገራችን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ ከአሳ ወይም ከአትክልት በቀር አንድ ወጥ ለሁሉም አይሆንም። ስለዚህ ሁለቱ በየራሳቸው ማንኪያ፣ በየራሳቸው ጠረጴዛ፣ ግልጽ ጽሑፍ ተደርጎላቸው ይቅረቡ። «እዚያ ማዶ ያለው የናንተ ነው» ብሎ በጣት ማሳየት አስተናጋጅነት አይደለም። የዓርብ የምሳ ዕረፍት ጁምዓ ሰግዶ ለሚመለስ ሰው የሚበቃ ይሁን፤ በረመዳንም እራቱ በአፍጥር ሰዓት ይጀምር እንጂ የሥራ አስኪያጁ ንግግር እስኪያልቅ ጾመኛ ቴምር ፊቱ አስቀምጦ አይጠብቅ።

ስለ ቡናም አንድ ቅሬታ አለኝ። «የቡና ሥነ ሥርዓት፣ 15 ደቂቃ» የሚል መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብሁ አልቈጥረውም። ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦል ቶና በረካ ተብሎ በ15 ደቂቃ አያልቅም። ጊዜ ከሌለ ከፔርሙስ ቅዱና «የሻይ ዕረፍት» በሉት። ጊዜ ካለ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ስጡት፤ ተቃራኒ ወገኖች ያልተስማሙበትን ውል ረከቦቱ ዙሪያ ሲስማሙ አይቻለሁና።

የመንገድ ነገር የሒሳብ ነገር ነው። 45 ሰው አውቶቡስ ላይ ለመውጣት ለእያንዳንዱ 20 ሴኮንድ ብትሰጡ 15 ደቂቃ አለፈ፤ መውረዱ ሌላ 15 ነው። አውቶቡሱ ገና አልተንቀሳቀሰም፤ የቦሌም መንገድ ገና አልተጨናነቀም። በቀን አራት ጊዜ የሚያመላልስ መርሐ ግብር ሁለት ሰዓት በደረጃ ላይ ይፈጃል። ስለዚህ አዳራሹና መኝታው አንድ ግቢ ከሆኑ፣ ክፍሉ ጥቂት ቢወደድም ይከፈል እላለሁ። ገንዘብ ካነሰ የሚቀነሰው ቦርሳና ባነር ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ዕረፍትና የሾፌሩ ማዕድ አይነኩም።

ዛሬ ለተማሪዎቼ የምሰጠው የተጓዦች ዝርዝር ከቁጥር አንድ የሚጀምረው በሾፌሩ ስም ነው፤ ስልኩ፣ ያደረበት ሰዓት፣ የሚበላበት ቦታና በቦታው የማይኖርባቸው ደቂቃዎች ይጻፋሉ። ከዚያ የእንግዶቹ ስም ይከተላል፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን የመነሻ ከተማው ከፍታ፣ የጤና ሁኔታው ለመናገር ፈቃደኛ በሆነው መጠን፣ የሚበላውና የማይበላው ይሰፍራል። የካናቴራ ቁጥር መጨረሻ ላይ ነው።

እኚያ እንግዳ ከሁለት ዓመት በኋላ ከድርጅታቸው ጋር ተመልሰው መጡ። ገና ሰላም ስንባባል «ዛሬ ወዴት ልትወስደኝ ነው?» አሉኝ። የትም አልወሰድኋቸውም። በሆቴሉ ግቢ፣ ዛፍ ሥር፣ ሾፌሩም ከእኛ ጋር ተቀምጦ እስከ በረካ ጠጣን።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ ልለፍ።