ትምህርት ለዴንማርክ ገበሬዎች ያስገኘው ሀብት

ዴንማርክ በሰሜን አውሮፓ የምትገኝ፣ የድንጋይ ከሰልና የብረት ማዕድን የሌላት ትንሽ አገር ናት። ሕዝቧ እህል እየዘራ ትርፉን ወደ ውጭ ይሸጥ ነበር። ነገር ግን ከ1870 ዓ.ም. ወዲህ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የአሜሪካና የመስኮብ እህል በባቡርና በመርከብ እየተጫነ በብዛት ስለ ገባ፣ በአውሮፓ የእህል ዋጋ እጅግ ወደቀ። የጀርመን መንግሥት በ1879 ዓ.ም. በውጭ እህል ላይ ቀረጥ ጣለ። የዴንማርክ ገበሬዎች ግን ርካሹን እህል ገዝተው ለከብት ቀለብ አደረጉትና ቅቤና የአሳማ ሥጋ ለእንግሊዝ ገበያ ማቅረብን መረጡ።

ሐሳቡ ቀላል ቢመስልም አፈጻጸሙ ዕውቀት የሚጠይቅ ነበር። ቀድሞ በእንግሊዝ አገር ጥሩ ዋጋ የሚያገኘው የታላላቅ ባለርስቶች ቅቤ ነበር፤ ጥቂት ላም ያለው ገበሬ በቤቱ የሚንጠው ቅቤ ዓይነቱ አንድ ስላልሆነ ነጋዴው ይንቀው ነበር። በ1882 ዓ.ም. በምዕራብ ዩትላንድ፣ የዲንግ በተባለ መንደር፣ ገበሬዎች የማኅበር ወተት ቤት አቋቋሙ። ወተታቸውን በአንድነት አቅርበው ቅባቱን በሚለይ መኪና አስጣሩ፤ ትርፉንም እያንዳንዱ ባቀረበው ወተት መጠን ተካፈሉ። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ እንዲህ ያሉት ማኅበሮች በመቶ የሚቆጠሩ ሆኑ። በስብሰባቸውም ድምፅ የሚቆጠረው በሰው እንጂ በላም ብዛት አልነበረም።

እንዲህ ያለ ማኅበር የሚቆመው በመዝገብ ነው። የወተቱ ልክ በየቀኑ ይጻፋል፤ ዋጋውም ይታሰባል። ገበሬው ማንበብና ማስላት ባያውቅ ኖሮ ጸሐፊውን ወይ ሳይመረምር ማመን ወይ ሁልጊዜ መጠርጠር ነበረበት፤ በሁለቱም መንገድ ማኅበሩ መፍረሱ አይቀርም ነበር። ነገር ግን ልጆች ሁሉ እንዲማሩ በ1814 ዓ.ም. በሕግ ታዝዞ ስለ ነበር፣ የ1882 ገበሬ ራሱ ብቻ ሳይሆን አባቱም ፊደል የቆጠረ ነበር። ከዚህም ሌላ፣ ካህኑ ግሩንትቪግ ባሳሰበው መሠረት በ1844 ዓ.ም. በሮዲንግ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ እርሱን የመሰሉ ሌሎችም ተከተሉ። ጎልማሶቹ የሚማሩት የእርሻ ሥራ በሚያርፍበት በብርድ ወራት ነበር። የሚያስገርመው፣ በዚያ ከላምና ከቅቤ ነገር ይልቅ ታሪክና ቋንቋ ይበዛ ነበር፤ ፈተናም አልነበረም። ሆኖም ከማኅበሮቹ መሪዎች ብዙዎቹ ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች የወጡ ናቸው።

እርግጥ ነው፣ ይህን ሁሉ ትምህርት ብቻውን አላደረገውም። ገበሬውን ከተወለደበት ርስት እንዳይወጣ ያሰረው ሥርዓት እንዲሻር በ1788 ዓ.ም. ታውጆ ነበር፤ በኋላም አብዛኛው አራሽ የመሬቱ ባለቤት ሆነ። በዚያው ዘመን ዮሐን ሉድቪግ ሬቬንትሎ የተባለ ታላቅ ባለርስት በፊን ደሴት በርስቱ ላይ ለገበሬዎቹ ልጆች ትምህርት ቤቶችን ከፈተ፤ በ1794 ዓ.ም. ደግሞ መምህራን የሚሠለጥኑበትን ቤት አቆመ። እርሱ ግን በ1801 ዓ.ም. ስለ ሞተ፣ የ1814ን ሕግ እንኳ አላየም።